ባለቤት የሌለው ሽንፈት

ጅማ እንግዳ ተቀባይ ከተማ ናት። ይህን ለማረጋገጥ የስፖርት ዜና ማዳመጥ ይበቃል። የከተማዋ ክለብ ሁለት ለባዶ ሲረታ ዘጋቢው «ሽንፈት አስተናገደ» ይላል። ሽንፈት ማለት ከሩቅ አገር ደክሞት የመጣ፣ ቄጤማ የተጎዘጎዘለት፣ ሦስተኛ ሳይጠጣ የማይሸኝ እንግዳ ነው። ማን ጠራው? በየትኛው በር ገባ? እንግዳ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

ይህ አዘጋገብ ሚዛናዊነት ይባላል። ድንቅነቱ ሰዋስው ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። ተከላካዩ ኳስ አይስትም፤ ቡድኑ ላይ «ግብ ይቆጠርበታል»። ቡድኑ ነጥብ አይነጠቅም፤ ከተቀደደ ኪስ እንደወደቀ ሳንቲም «ነጥብ ይጥላል»። ወደ ወራጅ ቀጠና የሚገባውም ማንም ገፍቶት ሳይሆን «ተንሸራትቶ» ነው፤ የጅማን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ቢያምን አይፈረድበትም።

ከጅማ በስተደቡብ፣ ደዶ ላይ፣ ቡና እያሰጣ በስልኩ ሬዲዮ የሚከታተል ደጋፊ ዜናውን ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሚዛናዊው ዘጋቢ መልስ አያጣም፤ የዳኛው፣ የሜዳው፣ የዝናቡ፣ የዕድል። ከኋለኞቹ ሦስቱ አንዱም ስልክ ደውሎ አይቆጣም፤ ዳኛው ደግሞ በማግስቱ ሌላ ከተማ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሰዋስው ባለቤት የነበረው ዘመንም አለ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ በልጦ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ያን ሰሞን ባለቤት ያጣ ግሥ አልነበረም። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ «መሩ»፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ «አስቆጠረ»፤ አመራሩ «አቀደ»፤ አስተዳደሩ «ደገፈ»፤ ደጋፊው «አስራ ሁለተኛ ተጫዋች ሆነ»። ንጉሥ አባ ጅፋር ሳይቀሩ ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ስማቸውን ላዋሱበት ምስጋና ደረሳቸው።

ከዚያ አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 እዚያም ዋንጫ አነሱ። ጅማ ደግሞ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲውን ቴሌኮም አልፎ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተረታ፤ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በድምር ውጤት ወጣ። አል አህሊን መርታት የምር የሚያኮራ ነው። ክፋቱ፣ ያቺ አንዲት ግብ እንደ ቀለብ ተሰፍራ ለዓመታት መብቃቷ ነው። ክለቡ በየከተማው ሽንፈት ሲያስተናግድ «አል አህሊን የረታው» የሚለው ቅጥያ እንደ ትራስ ከራስጌው አልጠፋም።

በመሀሉ ተጫዋቾች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቋረጡባቸው ጊዜያት መጡ። ይህ በሚዛናዊው ቋንቋ «የደመወዝ መዘግየት» ነው። ደመወዙ ራሱ እንደ ክረምት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቀረ ይመስላል፤ ያዘገየው ሰው የለም። በ2012 ኮሮና መጥቶ ሊጉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖር ቀረ። በ2013 ክለቡ ከታች ካሉት ሦስት አንዱ ሆኖ ጨረሰ፤ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ባለመሳተፋቸው የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት በተዘጋጀ ውድድር ግን ተረፈ። በ2014 ሊጉን ተሰናበተ። «ተሰናበተ» የሚለውም ቃል ልብ ይባል፤ ሳይባረር፣ አንገት ለአንገት ተሳስሞ የወጣ ሰው ያስመስላል።

በ2013 ሌላም ጣጣ መጥቶ ነበር። ዲኤስቲቪ ጨዋታዎችን በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ከተመረጡት ከተሞች አንዷም ጅማ ነበረች። እስከዚያ ድረስ የሩቁ አድማጭ ዓይኑ ዘጋቢው ነበር፤ «በጨዋታ በልጠን በውጤት ተበለጥን» ከተባለ በጨዋታ በልጠናል ብሎ ይተኛል። ካሜራው ሲመጣ የጨዋታው ብልጫ ሜዳው ላይ ተፈልጎ ጠፋ።

ዘጋቢውን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ክለቦች ሁሉ የጅማውም ኑሮ የተንጠለጠለው በመንግሥት በጀት ላይ ነው። የአካባቢው ማይክሮፎንም ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በዚያው በጀት ነው። ቡድኑ ከሜዳው ውጪ ሲጓዝ ዘጋቢው በክለቡ አውቶቡስ ቢሳፈር፣ በክለቡ አበል ቢያድር፣ ማን ይገረማል? ከአንድ መሶብ የሚበላ ሰው ወጡ ጨው አነሰው አይልም፤ ቢበዛ «ጨው በጠባብ ልዩነት ተበልጧል» ይላል።

ባሕር ማዶ ይህን ጨዋነት የሚያውቁት አይመስልም። በአሜሪካ የዘጋቢዎች መቀመጫ ላይ ማጨብጨብ ነውር ነው። በእንግሊዝ ቢቢሲ በ1996 ዓ.ም. ስለ ልጃቸው ዘገባ ቢሠራባቸው ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ለሰባት ዓመት ያህል አኩርፈውት ቃለ ምልልስ ነፈጉት። ጣቢያው አልተዘጋም፤ ማንቸስተር ዩናይትድም ዋንጫ ማንሳቱን አልተወም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኩርፊያ የለም፤ የሚያስኮርፍ ጥያቄ ስለማይጠየቅ።

ምሳሌ ለማግኘት ግን እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያሻም። የደዶ ገበሬ ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባ ናሙናው ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ቀማሹ ቡናው የማን እንደሆነ አያውቅም። ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ለሲኒው ጣዕም ይሰጣል። የተነቀዘው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ሻጋታ የሸተተው ሻጋታ ይባላል። ባለቤቱ ወረዳ ቢሆን፣ ባለሀብት ቢሆን፣ የቀማሹ አጎት ቢሆን፣ ምላስ አይቶ አያዳላም። የስፖርት ዘጋቢው በቀማሽነት ቢቀጠር ኖሮ የጅማ ቡና ሁሉ አንደኛ ደረጃ ነበር፤ የሸተተውም «በመልካም እንቅስቃሴ ላይ ሳለ የሻጋታ ጠረን ያስተናገደ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ገዢው ግን ሲኒውን ያሸት ነበር።

የደዶው ደጋፊ ከስፖርት ዜና የሚፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም። ደመወዙን ማን ያዘው? ተጫዋቾቹን ማን መረጠ፣ በስንት? በጀቱ የት ገባ? ዋንጫው በ2010 ሲመጣ ያመጡት ሰዎች በስም፣ በማዕረግ፣ በፎቶግራፍ ተዘርዝረው ነበር። በ2014 ክለቡን ያወረደው ማን እንደሆነ ግን ደዶ ድረስ የሰማ የለም።