ሾፌሩ መጣ ወይ?

ኮምፒውተሬ ከጎንደር ወደ አብርሃ ጅራ የወረደው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ እንስቀለው» ሲለኝ እንቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ትክል ድንጋይ ድረስ ብርድ ልብሱ ለሁለታችንም በጀን። ሳንጃን ስናልፍ ግን እኔም ላበኝ፣ እሱም ጋለ። አርማጭሆ እንዲህ ነው፤ ላይ፣ ታች፣ ምዕራብ እየተባለ እንደ ደረጃ ይወርዳል፤ በየደረጃው አንድ ልብስ ታወልቃለህ። አብርሃ ጅራ ስትደርስ የሚወልቅ ነገር አይተርፍህም።

«ደግሞ ኮምፒውተር ለቆላ ምን ሊበጅ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሰሊጥ ወረቀት እንደሚወድ አያውቁም። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። ባለሀብቱ የሳሉጉን ስም፣ የሠራበትን ቀን፣ አስቀድሞ የወሰደውን ብር በዝርዝር ይፈልጋል፤ ሳሉጉ ደግሞ ከስሙ ጎን ጣቱን ካላሳረፈ አያምንም። እኔ እንግዲህ ያን ዝርዝር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስንት ዘመን በእጄ ስጽፍ ኖሬ፣ የገዛ ጽሑፌን ማንበብ ሲያቅተኝ ነው ወደ ኮምፒውተር የዞርኩት።

ሁለት ዓመት በሰላም ሠራን። ከዚያ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ቫይረስ ይዞብኝ ገባ፤ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። አቋራጭ ማለት ነው አሉኝ። ወዴት እንደሚያቋርጡ እንጃ፤ ሲከፍቷቸው የትም አያደርሱም። የሰፈራችን አዋቂ ተጠራ። አሥረኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ «ፎርማት ላድርገው?» አለ። ይህ ልጅ ለበሽታው ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ስክሪን ተሰንጥቆ ብታሳየውም ፎርማት ነው የሚለው።

አደረገው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዊንዶውስ 7 ጫነበት፣ መቶ ብሩን ተቀበለና ኳስ ሜዳ ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ አበራሁት። በርቷልም፣ አልበራምም። ፊደሉ ሁሉ አብጦ እያንዳንዱ ምልክት ድፎ ዳቦ አክሏል። ድምፅ የለም። ማተሚያውን ብሰካ እንደማያውቁት ዘመድ ዝም አለው። የዕቃዎቹ ዝርዝር ያለበትን መስኮት ብከፍት ቢጫ ቃለ አጋኖ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። በልጅነታችን ቃለ አጋኖ መደነቅን ያሳያል ብለው አስተምረውናል። ስድስት ጊዜ ተደነቀብኝ።

«ድራይቨር ነው የጎደለው» አለኝ ልጁ በማግስቱ። ይህን ፎርማት ከማድረጉ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበር።

ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ የትራክተር መካኒክ ናቸው፤ በዚህ ቆላ የሞተ ትራክተር ሲያስነሡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በአጥሩ ላይ አይተውኝ «ምነው ከሳህ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ ድራይቨር አጥቶ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን አጥቶ?»

ማብራራት ደከመኝና «ሾፌር እንደማለት ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ሾፌር የሌለው ማሽን ከመዛግ ሌላ ምን ዕጣ አለው? ቅጠርለታ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጡ በሄዱ ቁጥር «ሾፌሩ መጣ ወይ?» ሆነ ሰላምታቸው።

ስሙን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው እንጂ ነገሩ ሹፍርና አይደለም። ድራይቨር ማንንም አይነዳም። ድራይቨር አስተርጓሚ ነው፤ ይህን ደግሞ ከድንበር ሰው በላይ የሚረዳው የለም። መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ሱዳናዊው ነጋዴ «ሲምሲም» ይላል፤ የእኛው ገበሬ «ሰሊጥ» ይላል። አንዱ «ዱራ» ሲል ሌላው «ማሽላ» ይላል። ዕቃው አንድ ነው፣ ገንዘቡ አለ፣ ፍላጎቱም አለ፤ ደላላው በመሃል ካልቆመ ግን ሁለቱ ሰዎች ሲተያዩ ይመሻል። ዊንዶውስና ማተሚያም እንዲሁ ናቸው። ማተሚያው መጻፍ ይችላል፣ ዊንዶውሱ ማዘዝ ይችላል፤ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያደርሰው ያ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በሆዱ ይዞ የመጣቸው አስተርጓሚዎች እስከዚያ ዘመን ድረስ ለተወለዱ ዕቃዎች ነበሩ። የእኔ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ ነው። እንዴት ይወቀው?

ሌላ አገር ቢሆን ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ይጫናል፣ አለቀ። የእኛው የሆነው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ድምፅ ብቻ አልፎ አልፎ ይገባ ነበር፤ እሱም እኛ ሰፈር ከሆነ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ፣ ማታ ማታ። ጎንደር ያለው የእህቴ ልጅ ግን የሽቦ ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ ይሠራል። «የዕቃውን መለያ ቁጥር አንብብልኝ፣ እኔ አውርጄ በፍላሽ እልክልሃለሁ» አለኝ።

ያ መለያ ቁጥር እንግዲህ ቁጥር ብቻ አይደለም። በወረቀት ገልብጬ፣ ባትሪ አብርቼ ጉብታዋ ላይ ወጣሁ።

«ፒሲአይ፣ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ፣ ቬን፣ ከታች ሰረዝ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ኢ፣ ሲ...»

«ዲ ነው ኢ?»

«ኢ! ኢ እንደ ኢትዮጵያ!»

«ሲ ነው ቢ?»

በአማርኛ በሲ የሚጀምር ከተማ ፈልጌ አጣሁ። «ሲ እንደ... ሲኖትራክ!» አልኩ።

«እሺ፣ ቀጥል።»

«ዴቭ፣ ከታች ሰረዝ፣ ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ስምንት...» መስመሩ ተቋረጠ።

ሦስት ማታ ነው የፈጀብን። በሦስተኛው ማታ ከጉብታው ስወርድ ሁለት ጎረምሶችና አንዲት ጠላ ሻጭ ከታች ይጠብቁኛል። «ስንት ደረሰህ?» አሉኝ። ሎተሪ ወጥቶልኝ ቁጥሩን ለሎተሪ ድርጅቱ እያስመዘገብኩ መስሏቸዋል። አልደረሰኝም ብል ማን ይመነኝ፤ ጠላ ሻጯ እስከ ዛሬ ቂም ይዛብኛለች።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይችን ከእህቴ ልጅ ነው የተማርኳት። ከቬን ቀጥሎ የሚመጣው የአምራቹ መታወቂያ ነው። 10 ብሎ ኢሲ ከሆነ ሪያልቴክ የሚባለው የታይዋን ድርጅት ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስሙ 8086 ነበርና ያንኑ መታወቂያው አድርጎ ያዘው። የአያትን ስም ማስጠራት እኛ ዘንድ ብቻ መሰለኝ ነበር።

ፍላሹ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ከበርበሬ ጋር በፌስታል ታስሮ መጣ። ያመጣው የአውቶብሱ ሾፌር ነው። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ አይተው ኖሮ «ተመስገን፣ መጣልህ!» አሉኝ፤ በአንድ በኩል እውነታቸውን ነው።

ፍላሹን ሰማያዊዋ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ምንም። አውጥቼ ገልብጬ ሰካሁት። ምንም። ልጁ ተጠራ፤ ሰማያዊዋ ፈጣኗ ናት፣ እሷም ራሷ ድራይቨር ትፈልጋለች አለኝ። የእሷ ድራይቨር የት ነው? ፍላሹ ውስጥ። ፍላሹ የት ነው? እሷ ውስጥ። ባለቤቴ ቡናዋን እየቆላች ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ አዘነችልኝ። ከጀርባ ጥቁሯ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ግን ተነበበ።

ሰው ሁሉ በዚህ ያልፋል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ቢል ጌትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 ኮምዴክስ በተባለው ትርኢት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ዊንዶውስ 98ን ሲያሳይ ረዳቱ አንድ ስካነር ሰካበት። ኮምፒውተሩ ድራይቨሩን ልጫን ብሎ ሲታገል ስክሪኑ በሰማያዊ ተሞልቶ ቆመ። ጌትስ ለዚህ ነው ገና ወደ ገበያ ያላወጣነው ብሎ ሳቀና አለፈው። እሱ መሳቅ ይችላል፤ እሱን የሚጠብቀው ሳሉግ የለም።

የመጀመሪያውን ፋይል ብጭን ከዚህ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም አለኝ። የ32 ቢት ነው የተላከው፤ ልጁ የጫነብኝ ዊንዶውስ ደግሞ የ64። የ64ቱ ዊንዶውስ የ32ን ድራይቨር በምንም አማላጅ አይቀበልም። ስለዚህ እንደገና ጉብታ፣ እንደገና ስልክ፣ እንደገና አውቶብስ። «የስልሳ አራቱን ነው! የሠላሳ ሁለቱን አይደለም!» እያልኩ በጨለማ ስጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮኝ ይጮሃል። ባለቤቴ ያን ሰሞን ከጸሎቷ ቀጥሎ የምታውቀው ነገር ቢኖር 32ና 64 ነበር።

በሁለተኛው ዙር ስክሪኑ ተስተካከለ፤ ድፎው ሁሉ ወደ ኩኪስ ተመለሰ። ድምፁም መጣ። ሦስት ማታ ጉሮሮዬን የዘጋብኝ ያ ባለ ሲኖትራኩ ቁጥር የኔትወርክ ካርዱ ሆኖ ተገኘ። ተጫነ፣ ቃለ አጋኖዋ ጠፋች፣ ኔትወርክ መቀበል እችላለሁ አለ። ኔትወርክ ግን የለም። አዲስ ጫማ ለእግረ ቆራጣ።

ማተሚያው ቀረ። ጥቅምት ገብቷል፤ ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የታችኛው ፍሬ ቀድሞ አፉን ይከፍታል፤ አንድ ሳምንት ብትዘገይ እህልህን መሬት ይወርሰዋል። ሳሉጉ አጭዶ፣ አስሮ፣ ነዶውን ሂላ አድርጎ አቁሞ ክፍያውን ይጠብቃል። ባለሀብቱ «ዝርዝሩስ?» እያለ ይመላለሳል። የእህቴ ልጅ የላከው የዚህኑ ማተሚያ ታናሽ ወንድም ድራይቨር ነው፤ «በመልክ አንድ ናቸው» ብሎ። ጫንኩት፣ ተቀበለው፣ የመቶ አርባ ሰው ስም እንዲያትም አዘዝኩት።

ማተሚያው ጮኸ፤ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ደስ ብሎኝ አንዱን ባነሣ አናቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ኮከብ፣ ፈገግ ያለ ፊት፣ የልብ ቅርጽ፣ ሁለት ጥያቄ ምልክት። ሌላውም እንዲሁ። ሶኬቱን እስክነቅለው ድረስ ግማሽ ደስጣ ወረቀት በልቷል። ማተሚያው የተነገረውን ትእዛዝ ሁሉ እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ማተሙ ነው።

የተሳሳተ አስተርጓሚ፣ አስተርጓሚ ከማጣት ይከፋል፤ ይህን አገራችን በደም ነው የተማረችው። አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ በመጋቢት 1881 ወደቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ 25 የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በጣልያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ያች አንዲት ግሥ አድዋ ድረስ ወሰደችን። እኔ በግማሽ ደስጣ መገላገሌ ዕድለኛ ያሰኘኛል።

በማተሚያ የተናደደ ሰው ግን ከእኔ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስታልማን የተባለ አሜሪካዊ ኤምአይቲ ውስጥ ሲሠራ፣ ከዜሮክስ የመጣ ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግር ነበር። ወረቀት ሲነክስ ለሰው እንዲናገር ፕሮግራሙን ላሻሽለው ቢል ዋናውን ጽሑፍ የሚሰጠው አጣ። ያ ቁጭት ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ሆኖ በ1983 የነፃ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ ጀመረ። ሰውየው ተናዶ ዓለምን ለወጠ። እኔ ተናድጄ ማተሚያውን በእግሬ ልለው ስል ባለቤቴ ያዘችኝ።

ትክክለኛው ድራይቨር በሦስተኛው አውቶብስ መጣ። ዝርዝሩ ታተመ፤ ሳሉጎቹ ጣታቸውን አሳርፈው ወደ ደጋ ወጡ። የእኔ ማተሚያ ግን ሲጠፋ የተነገረውን ሁሉ ከሚረሱት ወገን ነው፤ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ ማን እንደሆነ እንደ አዲስ ይነግረዋል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ማለት ነው። እንደ ሰካራም አባወራ ጠዋት ጠዋት ስሙን እናስታውሰዋለን።

ፍላሹን ባለቤቴ በጨርቅ ጠቅልላ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የጎረቤቴ አፍ ግን የሚቆለፍ አይደለም፤ እዚያ ቤት ሾፌር አለ፣ ከጎንደር ሁለት ሦስት ጊዜ አስመጥተዋል እያሉ አገር ምድሩን አዳርሰዋል።

በግንቦት መጨረሻ፣ ደመናው ማንዣበብ ሲጀምር፣ አንድ ባለሀብት ከነሻሻቸው በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰሞን የትራክተር ሾፌር በወርቅ አይገኝም። እኔ ጓሮ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ናት የተቀበለቻቸው።

«ሾፌር አላችሁ አሉኝ» አሏት። «እስከ ሐምሌ ብታውሱኝ ብዬ ነው። ምግብና መኝታው በእኔ።»

እሷም ሳጥኑን ልትከፍት ቁልፏን ከአንገቷ እየፈታች «የቱን ነው የሚፈልጉት፣ ጋሼ? የሠላሳ ሁለቱን ነው የስልሳ አራቱን?» አለቻቸው።

ባለሀብቱ ትንሽ አሰቡ።

«ኧረ ለዚህ ሐሩር ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል? የሠላሳ ሁለቱን ስጪኝ።»