የባዶው ወንበር መብት ይከበር

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ላይ የሚሰነዘር አንድ ወቀሳ አለ፤ የትኬት ዋጋ ናረ፣ ተመልካች ራቀ የሚል። ነገሩን ረጋ ብለን መርምረነዋል። የተመልካች አለመምጣት የኮሌጅ ስፖርት ሕመም ሳይሆን የዕድገቱ ከፍተኛ ደረጃ መሆኑን በትሕትና እናስረዳለን።

ትኬት የሚታተመው ሊሸጥ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ትኬት የገዛ ሰው ስታዲየም መገኘት አለበት የሚለው ግን ከጊዜ በኋላ በልማድ የተጨመረ ነገር ነው። ዋል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2018 የዩኒቨርሲቲዎችን የበር መዝገብ አገላብጦ፣ መግቢያው ላይ የተነበቡት ትኬቶች በይፋ ከሚነገረው የተመልካች ቁጥር በአማካይ 71 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ጻፈ። ጋዜጣው ይህን እንደ ጉድለት ቆጠረው። የቀሩት 29 በመቶ ግን መንገድ አልዘጉም፣ መጸዳጃ ቤት አልተሰለፉም፣ የዳኛውን እናት አላነሱም። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ደጋፊ ከየት ይመጣል? የዕድር መዋጮውን ከፍሎ ሳይሞት ዓመቱ ያለቀበት ሰው ገንዘቤ ተበላ ብሎ አያውቅም።

ይህን ጥበብ ለመረዳት የዘገየው አን አርበር የሚገኘው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ስታዲየሙ 107,601 ሰው ይይዛል። ወረርሽኝ በሩን ከዘጋበት ከ2020 በቀር ከ1975 ጀምሮ እዚያ በሚደረግ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ተመዝግቧል። በ2014 የተማሪ የወቅት ትኬት 295 ዶላር ደረሰ፤ ትኬት የሚገዛው ተማሪም በሺዎች ቀነሰ። ሒሳብ አስተምረውት ሲያበቁ ለምን አሰላ ብሎ መቆጣት አግባብ አይደለም። ችግሩ የተፈጠረው ዩኒቨርሲቲው ሲደናገጥ ነው። በዚያው መስከረም ሁለት ኮካ ኮላ ለገዛ ሁለት ትኬት ይሰጥ ጀመር። ተማሪውና የቀድሞው ምሩቅ ተዋረድን ብለው ተነሡ፤ የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ዴቭ ብራንደን በጥቅምት መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በቀጣዩ ዓመት የተማሪው ዋጋ ወደ 175 ዶላር ወረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ለስላሳው ለሰው በመሸጡ ነው።

ጎረቤቱ ኢስተርን ሚሺጋን የበለጠ አስተዋይ ነበር። በጊዜው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ በከፍተኛው ምድብ የሚጫወት ቡድን በአማካይ 15 ሺህ ተመልካች እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር፤ የመጣ ሰው ባይኖር የተሸጠ ትኬት ይበቃል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከፔፕሲ ጋር ከነበረው ውል 150 ሺህ ዶላር አንሥቶ የራሱን ትኬት ከራሱ ላይ በ3 በ3 ዶላር ገዛ። ሲካፈል 50 ሺህ ደጋፊ ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ስለ መኪና ማቆሚያ ያማረረ አንድም የለም።

ነብራስካ ግን መሐል መንገድ ላይ ተሳሳተች። በሊንከን ከተማ ባለው የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ያላለቀበት ጨዋታ የለም ይባላል። ክብሩ በ2021 ሊሰበር ሲል ለጋሾች የተረፈውን ትኬት በቅናሽ ገዝተው አዳኑት። እስከዚህ እንከን የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ትኬቱን የመግዛት አቅም ለሌላቸው ልጆች ሰጡ፤ ልጆቹም መጥተው ጨዋታ አዩ። ይህን ያህል ቸልተኝነት አልጠበቅንም ነበር።

የሚመጣ ሰው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አላባማ ታውቃለች። የያኔው አሠልጣኝ ኒክ ሴይባን ተማሪዎች ጨዋታው ሳያልቅ እየወጡ ነው እያሉ ደጋግመው ሲያማርሩ ኖሩ። በ2019 ዩኒቨርሲቲው ተማሪው ያለበትን በስልኩ የሚከታተል መተግበሪያ አወጣ፤ ለመጣ 100 ነጥብ፣ እስከ አራተኛው ሩብ ለቆየ ተጨማሪ 250። ይህ ሁሉ ድካም የተጣለው እግር ባለው ደጋፊ ላይ ነው። ባዶ ወንበር ከጨዋታ መሐል ተነሥቶ ወጥቶ አያውቅም።

ደስ የሚለው፣ ሕጉ ራሱ ወደ እኛ ሐሳብ መጥቷል። በ2023 ኤንሲኤኤ የተመልካች ቁጥር ግዴታውን ሰረዘ፤ በዚያው ውሳኔ ወደ ከፍተኛው ምድብ ለመግባት የሚከፈለውን ማመልከቻ ከ5 ሺህ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አሳደገ። ሰው ቀርቶ ገንዘብ ሲገባ በአንድ ወረቀት የተፈረመበትን እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድንጋጌ አላየንም።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከበር ላይ ትኬት የሚያነበው መሣሪያ ይነሣ። ዋጋው ትክክል፣ ሽያጩ ትክክል ሆኖ ሳለ በሁሉም ላይ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የተጫዋቾቹ ጉዳይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ ብሎ በትኬት ላይ 10 በመቶ «የተሰጥኦ ክፍያ» ጨምሯል። ወጪው ያሳስባል። ተመልካች ሳይመጣ መቆጠር ከቻለ፣ ተጫዋችም ሜዳ ሳይገባ ነጥብ የሚመዘገብለት መንገድ ካለ ቢጠና መልካም ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ የትኬት ሽያጩ እንደተለመደው ይቀጥላል።