«ስማተሪንግ» ሕመም አለመሆኑን ስለ ማስረዳት

ለተከበሩ አባት፣ ለተከበሩ እናትና በአምቦና በጉደር ለሚገኙ ቤተ ዘመድ ሁሉ፤

«ስማተሪንግ» የተባለው የእንግሊዝኛ ስም አንድ ሰው ስለ ቋንቋ ወይም ስለ ትምህርት ያለውን ላይ ላዩን የተለቃቀመና ሥር ያልሰደደ እውቀት ያመለክታል። ቃሉ የወጣው «ስማተር» ከሚል የቆየ ግስ ሲሆን፣ ግሱ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ በማያውቁት ነገር መለፍለፍን ይገልጽ ስለ ነበር፣ ቃሉ የእውቀትን ማነስ ከማመልከቱ አስቀድሞ የአፍን መብዛት ያመለክት ነበር ማለት ነው። በዛሬው አጠቃቀም ግን ስድቡ ለዝቦ፣ በአዳራሽ ውስጥ እዚህም እዚያም የሚሰማ የሳሳ ጭብጨባም ሆነ መሬቱን ሳይሸፍን የቀረ በረዶ «ስማተሪንግ» ይባላል።

ይህን መዘርዘር ያስፈለገው፣ ላኪው በሥራ ቦታው ካሉ የሜክሲኮ ተወላጆች የለቃቀማቸውን ቃላት ለማመልከት ባለፈው ደብዳቤ «ልጃችሁ የስፓኝ ስማተሪንግ አለው» ብሎ በመጻፉና ቤተሰቡም ነገሩን እንደ ደዌ በመረዳቱ ነው። ስሕተቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውና በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ በሌላው ዓለም «የስፓኝ ጉንፋን» ይባል ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ የሚታጠነውም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ የተከበሩ እናት ደብዳቤው እንደ ተነበበ ግቢውን ማጠናቸው በታሪክ ረገድ የሚያስመሰግናቸው ሲሆን፣ ወሩ ሚያዝያ መሆኑ ብቻ ጎረቤትን ግራ አጋብቷል። የጉደሯ አክስትም «መጥቶ በአምቦ ፍል ውሃ ይዘፈቅ» ማለታቸው ተሰምቷል። ሆኖም በአማርኛ ሕመም «አለበት»፣ ሀብት ደግሞ «አለው» ስለሚባል፣ ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ለሰዋስው ጥቂት ቢጠነቀቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭስ ባልወጣ ነበር።

በአማርኛ ለዚህ ቃል ቅርብ ሆኖ የሚቀርበው «ጥራዝ ነጠቅ» ነው። ጥራዝ የሚባለው ተጣጥፎና በክር ተሰፍቶ ከመሰሎቹ ጋር መጽሐፍ የሚሆነው የብራና ወይም የወረቀት ክፍል ነው፤ ነጣቂው እንግዲህ ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ በየተራ በመማር ፈንታ፣ ከመካከል አንዱን ጥራዝ መንትፎ የሮጠ ሰው ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በአንድ ወንበር አይቀመጡም። «ስማተሪንግ» የእውቀቱ ስም ሲሆን «ጥራዝ ነጠቅ» የሰውየው ስም ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው በትሕትና «ስማተሪንግ አለኝ» ሲል፣ «እኔ ጥራዝ ነጠቅ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ አማርኛ ተናጋሪ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ቃሉ ምንጊዜም ለሌላ ሰው የሚቀመጥ ነውና። ለሰውየው እንግሊዝኛ «ሳዮሊስት» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ «አዋቂ» የሚለውን የላቲን ቃል አሳንሶ ከመጥራት የተገኘ ስለሆነ «አዋቂ ቢጤ» ቢባል ይስማማዋል። በጥድፊያ ለተሰጠ ሥልጠና የሚነገረው «ለብ ለብ» ደግሞ ከምድጃው የመጣ ነው፤ ውሃው ሳይፈላ መውረዱን እንጂ የሰውየውን ጠባይ አይናገርም፤ በመሆኑም ከሦስቱ ለ«ስማተሪንግ» ይበልጥ የሚቀርበው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በአምቦ ገበያ ይገኛል። «አካም» ብሎ ሰላምታ ከሰጠና «ሜቃ» ብሎ ዋጋ ከጠየቀ በኋላ የቀረውን በጣቱ እየቆጠረ ቅቤ ገዝቶ የሚመለስ የአዲስ አበባ ሰው፣ የአፋን ኦሮሞ «ስማተሪንግ» አለው ሊባል ይችላል፤ ባለ ቅቤዋም በአማርኛ «መጨረሻው ይኸው ነው» ለማለት የሚበቃ ድርሻ አላት። በዚህ ንግድ ማንም ማንንም ጥራዝ ነጠቅ አይልም፤ ቅቤው ብቻ ጥቂት ይወደዳል።

የተከበሩ አባት «የአምቦ ልጅ እንግሊዝኛ አያቅተውም» ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ ሁልጊዜ በምስክርነት የሚጠሩት፣ በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነው። ምስክሩ ከባድ ነው፤ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ከቃሉ ሥር የወረደ እንጂ ከላይ የለቀመ አይደለምና፣ በእርሱ ጥላ ሥር ላኪውን ማስጠለል ለጸጋዬም ለላኪውም አይበጅም። ጸጋዬ በአብዮቱ ዘመን ለመድረክ ያበቃው «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተባለው ተውኔትም በርእሱ ብቻ፣ ፊደል ቆጥሮ ሊቅ ለመባል የሚጣደፈውን ሁሉ የሚጎሽም ይመስላል። «ይመስላል» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ላኪው ተውኔቱን ከርእሱ አልፎ አላነበበውም፤ እንዲህ ያለው ሰው ጥራዙን እንኳ ያልነጠቀ፣ ሽፋኑን ብቻ ይዞ የሮጠ ነው።

ላኪው ከእንግሊዝኛ ያለው ድርሻም፣ አባት በአውቶቡስ መናኸሪያ እንዳወሩት «ተምሮ የጨረሰው» ዓይነት ሳይሆን፣ ለሥራ፣ ለቤት ኪራይና ከአለቃ ጋር ለመስማማት የሚበቃ ነው፤ አለመስማማት ሲመጣ ግን ቃሉ ያጥራል። የላኪው አለቃ ግን በበኩሉ «ቡና»፣ «አመሰግናለሁ» እና «ይቅርታ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ይዞ የአማርኛ «ስማተሪንግ» እንዳለው ለእንግዳ ሁሉ ይናገራል፤ «ይቅርታ»ን እስካሁን በቦታው አልተጠቀመበትም።

በመጨረሻም የተከበሩ እናት፣ ልጃቸው ከስማተሪንግ ቢድን ለደብራቸው ጥላ እንደሚያስገቡ መሳላቸው ታውቋል። ሕመሙ ባይኖርም ስለት ስለት ነውና የጥላው ዋጋ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል፤ ልጁ ግን ገና አልዳነም፤ ስፓኝኛውም እንደ በፊቱ ነው።

ልጃችሁ፣ ከባሕር ማዶ