የአቃቂው ቅልቅል

ቅልቅል የተጠራ ሰው ሳጥን ቢራ ወይም ብርድ ልብስ ይዞ ይሄዳል። እኔ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የጃክ ሶኬቶች፣ አንድ ጥቅል የብየዳ እርሳስና አምስት ሬዚስተር ይዤ ወደ አቃቂ ወረድኩ። ያዘዘችኝ የሙሽራዋ አክስት፣ ማለትም የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። «ሞንታርቦው አንድ ቀዳዳው ብቻ ነው የሚሠራው» አለችኝ በስልክ፤ «የሙሽራው ወገን ኪቦርድ ተጫዋች ይዘን እንመጣለን ብለዋል። የኛ ልጆች ደግሞ ዘፈኑን በሞባይል ጭነው ጨርሰዋል። አንተ መቼም ገመድ መነካካት ትወዳለህ።» ሞንታርቦ የጣሊያን ስም ነው፤ እዚህ አገር ግን ቻይና ሠራሹም፣ ስሙ የተፋቀውም፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ነው። ሚክሰር እንዳንከራይ ወሩ ጥር ነው፤ በጥር ሚክሰር ከማግኘት ሙሽራ ማግኘት ይቀላል።

እስከ ቃሊቲ በቀላል ባቡር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በክዳኑ ጠርዝ የገመድ ጫፍ ብቅ ብሎ ስለታየ ወያላው ሒሳብ ሲቀበለኝ እጁን ከሩቅ ነው የዘረጋው። «ጋሼ፣ አይፈነዳም አይደል?»

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

«ድምፅ መቀላቀያ ነው እማማ። ሁለት ሙዚቃ በአንድ ገመድ የሚያስገባ።» ክዳኑን ከፈትኩላቸው። አጎንብሰው አዩና «ከገመድ በቀር ባዶ ነው እኮ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ይህ ዓይነቱ ሚክሰር ባትሪ የለው፣ ትራንዚስተር የለው፣ ከማንም የተቀበለውን አጉልቶ የሚያወጣበት አቅም የለው። ታዲያ ሁለቱን ገመድ ጠምዝዞ ማገናኘት አይበቃም ወይ? አይበቃም። ሞባይሉ የኪቦርዱን ድምፅ ይውጣል፣ ኪቦርዱም የሞባይሉን፤ የሚተርፈው የደከመና የተቆራረጠ ነገር ነው፣ ዕቃውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየመንገዱ ላይ ሬዚስተር እንደ ኬላ ይቆማል። ባለ 10 ኪሎ ኦሙ ይበቃል፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ቀለበት ያለው። ኬላው እርስ በርስ እንዳይዋዋጡ ይጠብቃል፣ ቀረጡን ግን አይምርም፦ ሁለት ሆነው ሲገቡ እያንዳንዱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሦስት ሲሆኑ ሲሶ ሲሶ ይደርሳቸዋል። የጎደለውን ሞንታርቦው አጉልቶ ይሙላው።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ወራጅ አሉ።

አቃቂ ለድምፅ ነገር እንግዳ አይደለችም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው እዚህ ነው። የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሲሆን፣ ወራሪው ጦር ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም አቤት ያሉት በዚያው ጣሊያን በሠራው ጣቢያ ነበር። ገንዘብ ተከፍሎበት እንዲህ ሠሪውን ያስቆጨ ሥራ ብዙ የለም።

ሰርግ ቤት ስደርስ መብራት የለም። ከኢትዮጵያ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ነው፤ ዳሱ ግን ጨለማ። ሞንታርቦው የራሱ ባትሪ አለው፣ ኪቦርዱ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ የኔ ቆርቆሮ ጭራሽ ምንም አይጠይቅም። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው መበየጃው ብቻ ነው! ቡና የምታፈላውን ልጅ ለመንኩና ወፍራም ሚስማር ከጀበናው ጎን ፍሙ ውስጥ ቀበርኩ። ሲቀላ በጉጠት አውጥቼ እርሳሱን ነካሁት። እርሳሱ ቀለጠ፣ ብልጭ አለ፣ ከውስጡ ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ። ጭሱ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ብየዳው እንዲይዝ እርሳሱ መሐል የሚደረግ። «ይሄ የየት ዕጣን ነው?» አለች የሙሽራዋ አክስት ከጓዳ፤ «ጥሩ አይደለም፣ ድገሙት ግን።»

ችግሩ የመጣው የሙሽራው አጎት ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ሲቀመጡ ነው። ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ሲያዩ ይቆጥራሉ።

«ይሄ የማነው?»

«የሞባይሉ ነው፤ ግራና ቀኝ ስላለው ሁለት መንገድ አለው። በየመንገዱ ሁለት ሁለት ሬዚስተር ተቀጣጥሎለታል።»

«አራት። የኛስ?»

«ኪቦርዱ አንድ መንገድ ስለሆነ... አንድ።»

«ለሴቷ ወገን አራት፣ ለኛ አንድ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዳሱ እንዲሰማው አድርገው። አማችነቴም ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ገላመጡኝ።

እንግዲህ አስረዳ። ሬዚስተር ድርሻ ሳይሆን ቀረጥ መሆኑን፣ ሞባይሉ በሁለት በር ስለሚገባ በየበሩ እጥፍ ካላስከፈልነው ሲሶዋን ለኪቦርዱ ትቶ ሁለት እጁን እንደሚወስድ፣ እንዲህ ሲሆን ግን እኩል በእኩል እንደሚካፈሉ፣ ሁሉንም በሶፍት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ሒሳብ ሹም ናቸውና ገባቸው፤ ፊታቸውም በራ። ያልጠበቅኩት ነገር፣ የሙሽራዋ አክስት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ለኛ ብቻ አራት ኬላ?» አለች። «ያበላሁህ እኔ!»

ቆርቆሮው ተዘግቶ ሲሰካ ሠራ። ኪቦርዱም ሞባይሉም አንድ ላይ፣ አንዱ አንዱን ሳይውጥ ወጣ። ደስታው ግን አልቆየም። ሁለቱም ወገን «የኛ ቀንሷል» አለ፤ ሁለቱም ልክ ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ድምፁን አንድ እርከን ከፍ አደረገ፣ ሞባይሉን የያዘው ልጅ ሁለት። በመጨረሻ ሞንታርቦው ራሱ መሰንጠቅ ጀመረ።

ያዳነን የሙሽራዋ አባት መነሳት ነው። ሊመርቁ ፈለጉና «ማይኩስ?» አሉ። የማይክ ድምፅ በሚሊቮልት የሚለካ ነው፤ በኔ ቆርቆሮ ቢያልፍ በኬላው አልቆ ይቀራል። ይህን እየፈራሁ ስነግራቸው ሳቁብኝ። በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ በማሽኑ ጩኸት መሐል ጓደኛቸውን ሲጠሩ የኖሩበት ድምፅ እስካሁን አብሯቸው አለ። ሲመርቁ ጎረቤት ግቢ ያሉትም «አሜን» አሉ።

«አሜን» ሳያልቅ መብራት መጣ። እልልታው ለምርቃቱ ይሁን ለመብራቱ አልተለየም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ባትሪውን ለመቆጠብ ፈጥኖ አዳፕተሩን ሲሰካ፣ ከሞንታርቦው ወፍራም «እምምም» የሚል ድምፅ ዳሱን ሞላው። የሙሽራው አጎት ጉርሻቸውን አቋርጠው ወደኔ ዞሩ።

«ይሄኛው የማን ነው? የኛ ነው የእነሱ?»

«የማንም አይደለም ጋሼ። የመብራቱ ነው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው።»

«እሱስ ስንት ሬዚስተር አለው?»

«ምንም የለውም።»

«ይኸው!» አሉ፣ ወደ ሙሽራዋ አክስት እየጠቆሙ። «አየሽ አይደል? በነፃ ገባ።»