ካርዱን ልዝጋው ወይስ ይቆይ?

ግንቦት በገባ ቁጥር ከባንክ አንድ መልእክት ይደርሰኛል፦ 95 ዶላር ተቆርጧል። ዕቃ አልተገዛበት፣ ምግብ አልተበላበት። አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ያወጣሁት፣ በዕድሜ ካርዶቼን ሁሉ የሚበልጠው የክሬዲት ካርዴ ዓመታዊ ክፍያ ነው። እስከ ዛሬ ሳላቅማማ ከፍያለሁ። ዘንድሮ የቤት ኪራዩም፣ የመኪና ኢንሹራንሱም፣ አስቤዛውም ተያይዘው ሲወደዱ ባለቤቴ መልእክቱን አየችና «ይኼን የምንከፍለው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ጠየቀች እንጂ አልተቆጣችም። መልስ ልሰጣት ቁጭ ብዬ ሳስብ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሆነብኝ።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ጉዳዩን ላስረዳ። እኛ ዘንድ ካርድ ሲባል በአብዛኛው ባንክ ያስቀመጡትን ገንዘብ የሚያወጡበት የኤቲኤም ካርድ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ለጊዜው የሚከፍልልህ ባንኩ ነው፤ አንተ ወር ጠብቀህ ትመልሳለህ። ሙሉውን ከመለስክ ወለድ የለም። ካጎደልክ ግን የአሜሪካ ካርዶች አማካይ ወለድ ዛሬ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። የእኔው በዚህ ላይ ሽልማት አለው፤ ላወጣሁት ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ማይል ይመዘገብልኛል፣ ማይሉ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ካርዱ ላይ ስሙ የተጻፈው የአሜሪካ አየር መንገድ ደግሞ ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ውስጥ አለ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. እዚያው ማኅበር ገብቷል። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የቀዳሁት ቤንዚንና ለልጄ የገዛሁት ዳይፐር ከዋሽንግተን ቦሌ የሚያደርስ ወንበር ይሆንልኛል ማለት ነው። ለቦረና ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦረና ስል የደቡቡን አይደለም፤ የወሎውን ነው። ከተማችን መካነ ሰላም ናት። በምሥራቅ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ይወጣል፤ በምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከማዶ ጎጃም ነው። በሳይንት አቅጣጫ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ ይገኛሉ። ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ ተነስቶ አሜሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር፣ ማንም ስለ እሱ ምንም አለማወቁ ነው። እኛ ሰፈር የአባትህ ስም ከተጠራ ይበቃል። እዚህ አከራዩም፣ መኪና ሻጩም፣ ባንኩም አንድ ቁጥር ይጠይቁሃል፤ ከ300 እስከ 850 የሚሄድ ነጥብ። እኔ ነጥብ አልነበረኝም። ይኼ ካርድ ነው መጀመሪያ ያመነኝ። ሌላው ሁሉ የመጣው እሱን ተከትሎ ነው። መዝጋት የከበደኝ አንድም በዚህ ነው፤ ይኼን ለባለቤቴ በዚያው ማታ ነገርኳት።

ሁለተኛው ምክንያት አባቴ ነው።

አባቴ በሰኔ አጋማሽ አረፈ፤ በ2015 በክልላችን ጦርነት ተነስቶ ነገሩ ሁሉ ከመድፍረሱ በፊት ነው። ለቀብር መድረስ አልቻልኩም። የቀበረው ቅሬው፣ የወሎው እድር፣ ነው፦ ጉድጓዱን የቆፈረ፣ ድንኳኑን የተከለ፣ እናቴ ደጅ እያደረ ለቅሶዋን የጠበቀ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ለአርባው ተዝካር መድረስ ነበረብኝ። አርባው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዋለ፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት። የሐምሌ ቲኬት ዋጋ ደግሞ በጥር መጨረሻ ከሚሸጠው ጋር አይገናኝም፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አበሻው ሁሉ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ወቅት ነው። በጥሬ ገንዘብ አልችለውም ነበር። ማይሌን ባየው የተጠራቀመው በቃኝ፤ ታክሷን ብቻ ከፍዬ ተሳፈርኩ። ለዚህ ካርዱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ያው ካርድ ግን ደሴ ላይ ጉድ ሠራኝ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በርሬ፣ ደሴ የገባሁት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ዝናብ፣ ጭጋግ። ለተዝካሩ ብር ያስፈልገኛል፤ የባንክ ካርዴን ከተትኩ፣ እምቢ አለ። የቀረኝ ይኼው ክሬዲት ካርድ ነው። በእሱ ብር ማውጣት እንደማይመከር አውቃለሁ፤ ኮሚሽኑ ሌላ፣ ወለዱ ደግሞ ከዚያችው ቀን ይጀምራል። ሆኖም የአባቴ ተዝካር ነው። ከተትኩት። ማሽኑ ምስጢር ቁጥሬን ተቀበለ፣ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ አወጣ፣ ውስጡ እንደ መቁጠር አለ። በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ቀዳዳው ላይ ጣቴን ባስጠጋ ምንም የለም፤ ውጦታል። ጥበቃው ላስቲኩን ተከናንቦ መጣና ባትሪውን አብርቶ ቀዳዳውን አየልኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ሰኞ ከፍተው ይሰጡሃል» አለኝ። ሰኞ! ተዝካሩ ማክሰኞ ነው፤ የሚገዛው ሁሉ ከዚያ በፊት መገዛት አለበት።

ካርዱን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ትቼ እሑድ በጠዋት ወደ መካነ ሰላም ተሳፈርኩ። ሰው አውጥቶ እንዳይጠቀምበት ማስዘጋት ነበረብኝ። አሜሪካ ደወልኩ። ሙዚቃው ይጫወታል፣ ሂሳቡ ይቆጥራል፣ አቀስታን አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ኔትወርኩ ይቆረጣል። እንደገና። በስንት መከራ ሰው አገኘሁና «ማንነትዎን ለማረጋገጥ ስልክዎ ላይ ኮድ ልከናል» አለችኝ። ኮዱ የተላከው አሜሪካ ባለው ቁጥሬ ነው፤ ያ ሲም ደግሞ አገር ቤት አይሠራም። ሌላ መንገድ እንድትፈልግልኝ ለመንኳት፤ የእናቴን የልደት ቀን ጠየቀችኝ። እናቴ የተወለደችበትን ቀን ማን መዝግቦት! የምታውቀው በእርሻ ወራት እንደሆነ ብቻ ነው። መስመሩ ተቋረጠ።

ቤት ስደርስ አጎቴ ፊቴን አይቶ ነገሩን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ብዙም አልተናገረም፤ ይዞኝ ገበያው ዳር ወዳለ አንድ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሙስሊም ናቸው፣ የአባቴ የቅሬ ባልደረባ፣ ሸምገል ያሉ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ከመደርደሪያው ላይ ጠርዙ የተጎሳቆለ ደብተር አወረዱ፤ የአባቴ ገጽ ነበረው። የአባቴን የመጨረሻ ዕዳ፣ የአንድ ኪሎ ስኳርና የሁለት ሳሙና፣ ሰርዘውታል፤ አጠገቡ «ተትቷል» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ መስመር አሰመሩና የእኔን ጀመሩ፦ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ በርበሬ። «በሬውንም ጭምር ሰው እልክልሃለሁ፤ ስትችል ትሰጣለህ፤ እኛን ደግሞ እንዳትረሳ፣ የሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል» አሉኝ። ማክሰኞ ሁለት ድንኳን ተተከለ፤ ሁሉም በየእምነቱ አርዶ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በላ።

ማታ ላይ ቡና ተፈልቶ አክስቴ ስለ ካርዱ ጠየቀችኝ። ከአቦል እስከ በረካ አስረዳኋት። በመጨረሻ «እንግዲህ ዱቤ ነው በለኛ» አለች። አዎ፣ ዱቤ ነው አልኳት። «ታዲያ ዱቤ የበላ ሰው እንዴት ይሸለማል? ሽልማቱን ማን ነው የሚከፍለው?»

ይኼ ጥያቄ ዘንድሮ ነው የተመለሰብኝ። ለባለቤቴ መልስ ስፈልግ አክስቴ ቀድማ ጠይቃው አገኘሁት። ሽልማቱን ማን ነው የሚከፍለው? ካርዱ በተፋተገ ቁጥር ባለሱቁ ከ100 ዶላሩ ሁለት ዶላር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለባንኮቹና ለካርድ ድርጅቶቹ ይከፍላል። የእኔ ማይል አንዱ ምንጭ ያ ነው። ሌላው ምንጭ ወር ጠብቀው ሙሉውን መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ወለድ ነው። እንጀራ የምንገዛባት እህት ማሽኗ ላይ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንሸጥም» የሚል ወረቀት ለጥፋለች፤ እኔ ማይል እንዲቆጠርልኝ ብዬ ካርዴን እዘረጋለሁ፣ እሷ ከእንጀራዋ ትርፍ ትከፍላለች። ካወቅሁ ወዲህ እሷ ዘንድ በጥሬ ገንዘብ ነው የምገዛው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሬዝኖ ለምትባል የካሊፎርንያ ከተማ ነዋሪዎች 60,000 ካርድ ሳይጠየቅ በፖስታ ሲልክ ሽልማት የሚባል ነገር አልነበረም። አሜሪካን ኤርላይንስ ማይል መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ካርዶቹ ከማይል ጋር የተጋቡት ከዚያ በኋላ ነው። ነፃ ነገር እንዳልሆነ አክስቴ ሳትማር ገብቷታል።

ወደ ስሌቱ ልምጣ። አንዱን ማይል በአንድ ሳንቲም ብናስበው፣ 95 ዶላሩን ለመመለስ ብቻ በዓመት 9,500 ዶላር በካርዱ ማውጣት አለብኝ። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው፣ ካወጣኸው 2 በመቶ በጥሬው የሚመልሱ ካርዶች ደግሞ አሉ፤ በዚያው 9,500 ዶላር 190 ዶላር ይመልሱልኝ ነበር። እርግጥ በሐምሌ ሲሆን ማይሉ ከአንድ ሳንቲም በላይ ዋጋ አለው፤ ያን በአባቴ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን አየር መንገዱ ለአንድ ወንበር የሚጠይቀውን ማይል በፈለገ ጊዜ ያሳድጋል፤ አሳድጎታልም። የቀሩት ጥቅሞች ለእኔ አይሆኑም። ነፃ የሻንጣ መብቱ የሚሠራው ካርዱን ባወጣው አየር መንገድ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ እኔ አገሬ የምሄደው በራሳችን አየር መንገድ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ያለ ካርድም ይፈቅዳል።

አብሮ አደጌ «እንዳትዘጋው፣ ነጥብህ ይወድቃል» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። በነጥቡ ውስጥ በወቅቱ መክፈል 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን 30 በመቶ፣ የአካውንቶቹ ዕድሜ 15 በመቶ ይይዛሉ። በአግባቡ ሲከፈልበት የኖረ ካርድ ቢዘጋም እስከ 10 ዓመት መዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ዕድሜው ወዲያው አይጠፋም። ቶሎ የሚጎዳው የዕዳው መጠን ነው። ይኼኛው ካርድ 6,000፣ ሌላው 4,000 ዶላር ጣሪያ ቢኖራቸውና 2,000 ዶላር ወጪ ቢኖርብኝ ከጠቅላላው 20 በመቶውን ነው የተጠቀምኩት። ትልቁን ብዘጋው ያው 2,000 ዶላር በአንድ ጊዜ 50 በመቶ ይሆናል። ቤት ለመግዛት ብድር ልንጠይቅ እያሰብን ይኼ አይሆንም።

ስለዚህ ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ከቤቴ ሳሎን፣ ኮዱ በሚገባበት ስልክ። «ልዝጋው ነው» ስል ሌላ ክፍል አስተላለፉኝ፤ ደንበኛ እንዳይሄድ የሚያባብል ክፍል ነው። ትሑት ሰውዬ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ካወጡ ይህን ያህል ማይል እንሰጥዎታለን አለኝ። ያላሰብኩትን ዕቃ እንድገዛ ነው፤ አልፈልግም አልኩ። ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ መቀየር እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ይቻላል፤ የተከፈተበት ቀን እንዳለ ይቆያል፣ ጣሪያውም አይነካም። ክፍያው ከተቆረጠ ገና ሳምንቱ ስለነበር 95 ዶላሩንም እንደሚመልሱልኝ ነገረኝ። የተጠራቀመው ማይል የተቀመጠው አየር መንገዱ ዘንድ እንጂ ባንኩ ዘንድ ስላልሆነ አይጠፋም። ሽልማታቸው ባንኩ ዘንድ የሚቀመጥ ሰዎች ግን ካርዱን ከመንካታቸው በፊት ነጥባቸውን ማውጣት አለባቸው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከስራል።

ከዚያ አክስቴ ጋ ደወልኩ። መካነ ሰላም ኔትወርክ ማግኘት ከ2015 ወዲህ ዕድል ነው፤ ኢንተርኔቱ ከሄደ ስልኩን ብቻ መሞከር ነው። በስንተኛው አነሳች። ካርዱን ቀየርኩት አልኳት።

«ታዲያ ስትመጣ በምን ልትመጣ ነው?» አለች።

በየወሩ ለቲኬቱ ለብቻ እያስቀመጥኩ እንደሆነ ነገርኳት፤ ከጥምቀት በኋላ ዋጋው ሲቀንስ እንደምገዛም። እሷም በበኩሏ ቅሬው አዲስ ድንኳን ሊገዛ መዋጮ እንደጠራ፣ የአባቴ ድርሻ በእናቴ ስም እንደተመዘገበና እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚሰበሰብ ነገረችኝ። ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት። ስትነግረኝ ከሚመለስልኝ 95 ዶላር ብዙ ያንሳል። «እልካለሁ» አልኳት፤ «ለባለሱቁም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እናቴ አዲስ ነገር ወስዳበት እንደሆነ ደብተሩን አስነብቢና ንገሪኝ።»