ሳውንዱ አልመጣም

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጊታር የሚመታ ሰው ከመፈለግ ስለ ጊታር ሳውንድ የሚተነትን ሰው መፈለግ ይቀላል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቬንትሌተር ያለበት በርጫ ቤት ገብታችሁ ሽርጥ ያገለደሙትን ሰዎች «የሰላም ስዩም ጊታር እንዴት እንዲህ ጠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጫቱ ያልቃል እንጂ ትንታኔው አያልቅም።

የሰሞኑ ወሬ ሰላም ጊታር የመታበት አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 የቀዳው፣ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ነው። የሰፈራችን ጎረምሳ ያንን የጊታር ሶሎ ሳውንዱን ሳይቀር ካልደገምኩ ብሎ ተነስቷል። በመጀመሪያ ኮምፕሬሰር የሚባለውን ፔዳል ከከተማችን ታይዋን ገበያ ገዛ፤ ጎልቶ የወጣውን ድምፅ ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ ያደርጋል ተብሎ። ቀጥሎ አዳራሽ ውስጥ ያለህ የሚያስመስል ሪቨርብ መጣ። ሁለቱ ተቀጣጥለው ሹ ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ሹ ማለቱን የሚያፍን ሦስተኛ ፔዳል ተገዛ። የጠራ ድምፅ ለማግኘት ጫጫታ ገዝቶ፣ ጫጫታውን ለማጥፋት እንደገና ገንዘብ ማውጣት መቼም ትልቅ ትጋት ነው።

ከዚያ ጥፋቱ ወደ ክሩ ዞረ። እውነትም የድሬ ላብ ክር ይበላል፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁን ያደነዝዘዋል። አዲስ ክር ሲታሰር ግን «በጣም አንፀባረቀ፣ ያኔ እንዲህ አልነበረም» ተባለ። ያኔን የሚያውቁት ከስልክ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ከካሴት የተቀዳ፣ ካሴቱም ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ነው። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ቀጫጭኑ ድምፅ እየተሸረፈ ስለሚሄድ፣ ወዳጃችን ከጊታሩ ጋር የቴፑንም ድካም ለመቅዳት እየለፋ ነው።

ከጊታሩ ጋር በነፃ የመጡ ነገሮችም ነበሩ። የድምፅ መቆጣጠሪያዋን ትንሽ መለስ ማድረግ፤ ፒኩን ከድልድዩ አርቆ ወደ አንገቱ መጠጋት፤ ክሩን በኃይል ከመምታት ለዘብ ብሎ መንካት። እነዚህ ካርቶንም ደረሰኝም ስለሌላቸው ማን ይመናቸው? ሶሎው ራሱ እስካሁን ከመጀመሪያው ሐረግ አላለፈም። «ሳውንዱ ሳይመጣ እንዴት እቀጥላለሁ?» ይላል፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቅለታል።

ባለፈው ታዲያ ጡረታ የወጣ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከጥጉ፣ ጉንጩ እንደተወጠረ፣ «እናንተ፣ ያ ሙዚቃ እኮ ስቱዲዮ አልተቀዳም፤ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል፣ አዳራሽ ውስጥ ነው» አለ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ስለማይታወቅ ጎረምሳው «አንተ ደግሞ አቦ፣ ዛሬ ነው የምትናገረው!» ብሎ አፈጠጠበት።

ሰውየው ግን እውነቱን ነው። እኔ በሞኝነቴ አሁንስ ፔዳሎቹ ይሸጣሉ፣ ልጁም ቁጭ ብሎ ሶሎውን ያጠናል ብዬ ነበር።

«ራስ ሆቴልማ እኛስ አለን አይደል እንዴ!» አለ አንዱ።

ቤቱ ተነቃነቀ። አዳራሹን ማን ያስፈቅዳል፣ አምፕሊፋየሩ በአንድ ባጃጅ ይጫናል ወይስ በሁለት፣ መብራት ቢጠፋስ? ሁሉም ጉዳይ እስኪመሽ በዝርዝር ታየ። ጎረምሳው ብቻ በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ መጀመሪያ የጊታሩ ገመድ መቀየር አለበት ባይ ነው።