ጎሚኒው ለብቻው አይሸጥም

አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችን «ደህና ነህ?» አይደለም፤ «ዛሬ ደግሞ ምኗን ነው?» ነው። የእኔዋ ኮሮላ ዲኤክስ በዚህ ወር ፍሬኗን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአሰላ ስመለስ ነው። መንገዱ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተነስቶ አዳማ ሲደርስ 1,700 አካባቢ ነው፤ ቁልቁለቱን እግር ከፍሬን ሳይነሳ ይወረዳል። ዴራን አለፍ እንዳልኩ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኝ ጀመር። ቀጥሎ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ወርጄ የቀኙን የፊት ቸርኬ ብነካው ፈጀኝ። ትንሽ ውሃ ብረጭበት እንደ ምጣድ «ጭስስ» አለ።

ፍሬን ይዟል ማለት ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይት በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቀዋል። እግራችንን ስናነሳ ፒስተኑን ትንሽ ወደ ኋላ የሚመልሰው ስፕሪንግ አይደለም፤ የልጅ አምባር የምታክል አንዲት ጎሚኒ ናት። ሲረገጥ ጠመም ትላለች፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑንም ይዛው ትመለሳለች። እሷ ከደረቀች፣ ወይም ከውጭ ያለችው የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ከተቀደደች ፒስተኑ ይዝግና ባለበት ተቸንክሮ ይቀራል። አቧራ ደግሞ አዳማ ላይ መች ጠፍቶ ያውቃል! ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የአዳማ አንድ ተርባይኖች 51፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩበት ነፋስ፣ ታች እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥራው አቧራ ጎማ ውስጥ መሞጀር ነው።

እንግዲህ በሽታው የአንዲት ላስቲክ ከሆነ መድኃኒቱም ላስቲክ መሆን አልነበረበትም? ጋራዡ ግን ጎማውን ፈታ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም፤ ሙሉውን ይቀይሩት።»

«ፒስተኑን አውጥታችሁ አያችሁት?»

«ምን ያደርጋል? ጎሚኒው ለብቻው አይሸጥም።»

መለዋወጫ ቤቶቹን ዞርኩ። የመጀመሪያው «ለብቻው አይመጣም» አለ። ሁለተኛው አለኝ ብሎ የቪትዝ አወጣልኝ። ሦስተኛው፣ «ኦቦሌሶ፣ ጎሚኒውን ተወው፤ ሙሉ ካሊፐር አለኝ፣ አንደኛ ደረጃ ኦሪጅናል» አለኝ። ኦሪጅናልም ደረጃ አለው? አለው፤ እንደ ጤፍ። የሦስተኛ ደረጃው ኦሪጅናል ካርቶን ላይ «ጃፓን» የሚለው ራሱ አንድ ፊደል ጎድሎታል።

«ለምን አዲስ መኪና አትገዛም?» የሚል ዘመድ ለሁላችንም አንድ አንድ ተሰጥቶናል። ወንድሜ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ መለዋወጫውም ተከትሎት ወጣ። ስለዚህ ከዲኤክሷ ጋር እስከ መቃብር ነን።

እውነቱን ለመናገር ማደሱም ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ አሳድሼ ነበር። ልጁ ጎሚኒዋን በቤንዚን አጥቦ፣ በግራሶ አሽቶ ገጠማት። በሳምንቷ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጣ ፍሬኑ እንደገና ያዘ። ለካ መቀባት ያለባት በራሱ በፍሬን ዘይት ነው! ፒስተኑ ራሱ በዝገት ተቦርቡሮ ከሆነም በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ ያኔ መቀየር ግድ ነው። የሚያንገበግበኝ መቀየሩ አይደለም፤ ሳያዩ መፍረዳቸው ነው። ድሮ ሜካኒክ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ፣ ፈትቶ ያይ ነበር። የዛሬው ፈቺና ገጣሚ ነው፤ ምርመራውን የሚያካሂደው መለዋወጫ ቤቱ ነው።

በፍሬን ደግሞ ሙግት አይያዝም። አዳማ ላይ ከፊትህ ባጃጅ ድንገት ይቆማል፣ ከጎንህ ጋሪ ይታጠፋል። ተሸነፍኩ፤ ሙሉውን ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። አሮጌውን «ለብረት ያህል» ብለው ጋራዡ ውስጥ አስቀሩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የግራው ጀመረ። ወደዚያው ጋራዥ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት» አለኝ ልጁ። «ያገለገለ ኦሪጅናል አለ፤ ከዱባይ የገባ።»

አመጣው። ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አገላበጥኩት። ከአየር ማስወጫዋ ቡሎን አጠገብ፣ ከዓመታት በፊት በመዶሻ የተመታችው ጎድጓዳ ቀለሙ ሥር ቁጭ ብላ ታየችኝ።

«ይሄ እኮ የቀኝ ነው» አልኩት።

«እንዴት አወቁ?»

«ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል።»

ልጁ አልደነገጠም፤ ዋጋ የምከራከር መስሎት ነው። «ቢሆንም ጋሼ፣ ዕቃው የተረጋገጠ ነው» አለኝ። «ፒስተኑ ጸድቷል፣ ጎሚኒው አዲስ ነው።»